ልግፋ ወይስ ልተው? የአሥር ሳምንት ደብተር

ከመጀመሬ በፊት

ባለፈው ዓመት ሁለት ጊዜ ሩጫ ጀምሬ ሁለት ጊዜ አቆምኩ።

የመጀመሪያው በእልህ ነው። የቀኝ እግሬ አገዳ አንድ ቦታ ላይ ያመኝ ነበር። «ሲሞቅ ይለቀኛል» እያልኩ ሦስት ሳምንት ሮጥኩበት። በመጨረሻ ደረጃ መውረድ እንኳ አቃተኝ። አጥንቱ በተደጋጋሚ ጫና ተጎድቶ ሊሰነጠቅ ትንሽ ነበር የቀረው። ስምንት ሳምንት ተቀመጥኩ።

ሁለተኛው በፍርሃት ነው። ከተሻለኝ በኋላ ትንሽ ቆንጠጥ ባደረገኝ ቁጥር ወደ ቤት እመለስ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ ከሦስት ኪሎ ሜትር ሳላልፍ ቆየሁና ተውኩት።

በሁለቱም ጊዜ ጉልበት አልጎደለኝም። መቼ መግፋት፣ መቼ ረገብ ማለት እንዳለብኝ ነው ያላወቅኩት። ስለዚህ አሁን ሁለት ሥራ አንድ ላይ ይዣለሁ። አንዱ በአሥር ሳምንት ውስጥ 10 ኪሎ ሜትር ሳላቋርጥ መሮጥ ነው። ሁለተኛው፣ ለእኔ ትልቁ፣ ውሳኔዬን የምመዘግብበት ደብተር መሥራት ነው።

አሠራሩ ይኸው። ከመውጣቴ በፊት «ግፋ»፣ «ቀንስ» ወይም «ተው» ብዬ እጽፋለሁ። ስመለስ የሆነውን እጽፋለሁ። በማግስቱ ጠዋት ፍርድ እሰጣለሁ፦ ውሳኔው ትክክል ነበር ወይስ ስህተት? ፍርዱን ለማግስቱ ያቆየሁት በምክንያት ነው። ላቤ ሳይደርቅ ስጽፍ ሁሉም ሩጫ ጥሩ ይመስለኛል።

ሳምንት 1

ደብተሩ ላይ አራት ዓምድ አሰመርኩ። የጠዋት የልብ ምት፣ የእንቅልፍ ሰዓት፣ የእግር ሁኔታ፣ ፍላጎት። እግርና ፍላጎት ከ0 እስከ 10 ነጥብ አላቸው።

የልብ ምቴን የምቆጥረው ከአልጋ ሳልነሳ ነው። ሁለት ጣቴን አንገቴ ላይ አድርጌ አንድ ደቂቃ ሙሉ። ሰዓቱም ይነግረኛል፤ ግን በጣቴ ስቆጥር ቀኑን በጸጥታ እጀምራለሁ፣ ወድጄዋለሁ። የሰባቱ ቀን ቁጥር ከ56 እስከ 60 ነው። መካከለኛው 58። ይህን መነሻ አድርጌ ያዝኩት። የሌላ ሰው ቁጥር ለእኔ ምንም አይነግረኝም። የሚጠቅመኝ ከራሴ ልማድ ምን ያህል እንደራቅኩ ማየት ነው።

ሦስት ጊዜ ወጣሁ። ሶምሶማና እርምጃ እያፈራረቅኩ፣ በእያንዳንዱ ቀን ሦስት ኪሎ ሜትር። የሮጥኩት ከጋሼ ጋር ነው። ጋሼ 58 ዓመቱ ነው፤ ለብዙ ዓመት ሮጧል። ከእሱ ጋር ስሮጥ ትልቁ ጥቅሜ ወሬው ነው። ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳይቆራረጥ መናገር ከቻልኩ ቀላል ሩጫ ላይ ነኝ ማለት ነው። ሦስት አራት ቃል ብቻ ካወጣሁ ከብዷል። መልስ መስጠት ካቃተኝ ጫፍ ላይ ነኝ። ይህን ፈተና ሐኪሞችም አሠልጣኞችም ይጠቀሙበታል። መሣሪያ አይፈልግም።

ሳምንት 1፣ እሑድ ማታ

ስለ ከፍተኛ የልብ ምት ቀመር አሰላሁ። የታወቀው 220 ሲቀነስ ዕድሜ ነው። ዕድሜዬ 41 ስለሆነ 179 ይሆናል። በ2001 ተመራማሪዎቹ እነ ሂሮፉሚ ታናካ ያወጡት ደግሞ 208 ሲቀነስ የዕድሜ 0.7 እጥፍ ነው። እሱም 179 ሰጠኝ። ሁለቱ ቀመሮች 40 ዓመት ላይ ስለሚገናኙ ነው። በ20 እና በ60 ዓመት ላይ ግን ልዩነታቸው ስድስት ምት ይደርሳል።

ሁለቱ ስለተስማሙ ግን እውነቱ 179 ነው ማለት አይደለም። ቀመሮቹ የብዙ ሰው አማካይ ናቸው። አንድ ሰው ከአማካዩ አሥር ምትና ከዚያም በላይ ሊርቅ ይችላል። እኔ ዳገት ላይ የልብ ምት በሚለካ የደረት ቀበቶ 187 አይቻለሁ። ስለዚህ የልብ ምትን በሩጫ ጊዜ አለቃ አላደርገውም። አለቃው የድካም ነጥብ ነው።

የድካም ነጥብን ያመጣው ስዊድናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጉናር ቦርግ ነው። የመጀመሪያው መለኪያው ከ6 እስከ 20 ይሄዳል። እንግዳ ቁጥር ይመስላል። ግን ነጥቡ በ10 ሲባዛ ለጤነኛ ወጣት የልብ ምቱን በግምት እንዲሰጥ ታስቦ ነው። ኋላ ላይ ከ0 እስከ 10 የሚሄድም ሠርቷል። እኔ ሁለተኛውን ያዝኩ። 0 ዕረፍት፣ 3 መጠነኛ፣ 5 ከባድ፣ 7 በጣም ከባድ፣ 10 የመጨረሻው ጫፍ።

ሳምንት 2

ማክሰኞ። ፍላጎት 2። እግር 8፣ እንቅልፍ 7 ሰዓት፣ ምት 57። ሌላው ሁሉ ደህና ሆኖ አልጋው አልለቅም አለኝ። «ቀንስ» ብዬ ጻፍኩና ወጣሁ። ለራሴ የገባሁት ቃል አሥር ደቂቃ ብቻ ነው። ከአሥር ደቂቃ በኋላ መመለስ ይፈቀዳል። ስድስተኛው ደቂቃ ላይ ትከሻዬ ተፈታ። አሥረኛው ላይ መመለሱን ረሳሁት። አራት ኪሎ ሜትር ሮጥኩ፣ ድካም 3። የማግስቱ ፍርድ፦ መውጣቴ ትክክል።

ዓርብ። ፍላጎት አሁንም 2። ግን እንቅልፍ 5 ሰዓት፣ ምት 67፣ እግር 4። ያንኑ አሥር ደቂቃ ሞከርኩ። ማክሰኞ እየቀለለ የሄደው ዛሬ እየባሰ ሄደ። አሥረኛው ደቂቃ ላይ በዝግታ ሶምሶማ ድካሙ 5 ነበር። ተመለስኩ። ፍርድ፦ ትክክል።

ሁለቱን ገጾች ጎን ለጎን አድርጌ ብዙ አየኋቸው። አልጋ ላይ ሆኜ ስንፍናና ዝለት አንድ ዓይነት ነው የሚሰሙኝ። ሁለቱም «ዛሬ ይቅርብህ» ይላሉ። የሚለያዩት ሰውነት ሲሟሟቅ ነው። ስንፍና ከሆነ ይለቃል። ዝለት ከሆነ ይጨምራል። ስለዚህ የፍላጎትን ዓምድ ብቻውን አላምነውም። ላጠፋው ግን አልፈለግኩም። ለምን እንደሆነ ያኔ አላወቅኩም ነበር፤ አራተኛው ሳምንት ላይ ገባኝ።

ሳምንት 3

ሦስት ሩጫ። ሁለቱ 40 ደቂቃ፣ አንዱ 45 ደቂቃ፣ ሁሉም በድካም 4። አምስት ኪሎ ሜትር ሳላቋርጥ ገባሁ። ደስ አለኝ።

የመጨረሻው ቀን መንገድ ቁልቁለት ይበዛው ነበር። በማግስቱ ጭኔ ያዘኝ። በሦስተኛው ቀን ወንበር ላይ ስቀመጥ በእጄ መደገፍ አስፈለገኝ። ባለፈው ዓመት እንዲህ ሲሆን ወይ እደነግጥ ወይ ንቄው እሄድ ነበር። አሁን በደብተሩ ላይ ቁጭ ብዬ መረመርኩት።

ብዙ ሰው ይህን ሕመም የላክቲክ አሲድ ጥርቅም ነው ይለዋል። አይደለም። በሩጫ ጊዜ የሚጨምረው ላክቴት ካቆምን በኋላ በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ከደም ይጠራል። ሕመሙ ግን የሚበረታው ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ምክንያቱ ጡንቻው እየተለጠጠ ሸክም መያዙ ነው። ቁልቁለት ስንወርድ የፊት ጭን ሰውነትን እንደ ፍሬን ይይዛል፤ በዚያ ጊዜ የጡንቻው ጥቃቅን ክሮች ይጎዳሉ። ሲጠገኑ ይጠነክራሉ። በሚቀጥለው ጊዜ ያው ቁልቁለት ያን ያህል አያምም።

የዚህን ሕመም ጠባይ እንዲህ ጻፍኩት። ሁለቱም እግር ላይ ነው። ሰፊ ነው፤ «እዚህ ጋ» ብዬ በጣቴ ልጠቁመው አልችልም። ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ቀን ላይ ይብሳል፣ ከዚያ ይቀንሳል። ስንቀሳቀስ ይለሰልሳል።

ከሥሩ የባለፈውን ዓመት የአገዳ ሕመም ጠባይ ጻፍኩ። አንድ እግር ላይ ብቻ ነበር። በአንድ ጣት ጫፍ ልጠቁመው እችል ነበር፤ ስነካው ያሳምመኝ ነበር። ቀን በቀን እየባሰ ሄደ። በአንድ እግር ስዘል ይወጋኝ ነበር። መጨረሻ ላይ ሌሊትም ያመኝ ጀመር።

ሁለቱ እንዲህ ተጽፈው ሳያቸው የዚያን ጊዜ ዝም ብዬ መሮጤ አሳዘነኝ። እግሬ ምልክቱን ሁሉ ሰጥቶኝ ነበር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ እኔ ደግሞ ቆም ብዬ ለመታጠቅ ጊዜ አልሰጠሁትም።

ሳምንት 4

ይህን ገጽ በዝርዝር እጽፈዋለሁ።

ቅዳሜ። ምት 55፣ እንቅልፍ 8 ሰዓት፣ እግር 9፣ ፍላጎት 10። በአሥሩ ሳምንት 10 የሰጠሁት የመጀመሪያ ጊዜ። «ግፋ» ብዬ ጻፍኩ። ያሰብኩት አምስት ኪሎ ሜትር ነበር።

ጋሼ ስላልመጣ ብቻዬን ነበርኩ። አምስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ምንም አልደከመኝም። አየሩ ቀዝቀዝ ብሏል። መንገዱ ባዶ ነው። ስድስት ገባሁ። ከዚያ «ዛሬ ሰውነቴ እሺ ብሎኛል፣ ለምን አልጨምርም?» አልኩና ፍጥነቴን ጨመርኩ። የመጨረሻዎቹን ሁለት ኪሎ ሜትሮች በ13 ደቂቃ ሮጥኳቸው። ስምንት ኪሎ ሜትር በ62 ደቂቃ። ድካም 8። ቤት ስደርስ እጄ እየተንቀጠቀጠ «በሕይወቴ ምርጡ ሩጫ» ብዬ ጻፍኩ።

እሑድ። ምንም የለም። ፍርድ፦ ትክክል ብዬ ጻፍኩ።

ሰኞ ጠዋት። ከአልጋ ወርጄ የመጀመሪያውን እርምጃ ስረግጥ የግራ ተረከዜ ጅማት ደርቆ እምቢ አለኝ። ከኋላ፣ ከተረከዝ ከፍ ብሎ። አሥር እርምጃ ያህል አነከስኩ። ከዚያ ለቀቀኝ። ስጫነው ያመኛል።

የእሑዱን ፍርድ ሰርዤ «ስህተት» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ሒሳብ ሠራሁ። አሜሪካዊው ተመራማሪ ካርል ፎስተር ያስተዋወቀው መንገድ አለ። የሩጫውን ደቂቃ በድካም ነጥብ ማባዛት ነው። በሦስተኛው ሳምንት 160፣ 160 እና 180፣ ድምሩ 500። በአራተኛው ሳምንት ማክሰኞ 160፣ ሐሙስ 175። ቅዳሜ ብቻውን 62 በ8፣ 496።

አንዲት ቅዳሜ ያለፈውን ሳምንት ሙሉ ሥራ አክላለች።

በሩጫው ጊዜ ግን አንድም ነገር አልጮኸም። ለምን? መልሱ የአካላችን ክፍሎች በእኩል ፍጥነት ስለማይላመዱ ነው። ሩጫ ስንጀምር በደማችን ውስጥ ያለው ፈሳሽ በቀናት ውስጥ መጨመር ይጀምራል። ልብና ጡንቻ በሳምንታት ውስጥ ለውጥ ያሳያሉ። ጅማትና አጥንት ግን ወራት ይፈልጋሉ። ጅማት የሚደርሰው ደም ትንሽ ስለሆነ ጥገናው ዝግ ያለ ነው። ስለዚህ አራተኛው ሳምንት ላይ ሳንባዬ «ቀጥል» የሚለው እውነቱን ነው። እሱ ዝግጁ ነው። ጅማቴ ግን ገና ነው፤ እሱ ደግሞ የሚናገረው ከሁለት ቀን በኋላ ነው።

ከዚያ የባለፈውን ዓመት የስልኬን መዝገብ ከፈትኩ። የአገዳው ሕመም የጀመረበትን ሳምንት ፈለግኩ። ከእሱ በፊት ያለው ሳምንት የዓመቱ ፈጣኑ ሳምንት ነበር።

ይህን ሳይ ብዙ ዝም አልኩ። እስካሁን የምፈራው መጥፎ ቀኖችን ነበር። የጎዱኝ ግን ጥሩዎቹ ቀኖች ናቸው።

ሳምንት 5

ፊዚዮቴራፒስት አየኝ። ጅማቱ ተቆጥቷል፣ አልተቀደደም አለኝ። ሙሉ በሙሉ እንድቀመጥ ይነግረኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልነገረኝም። ጅማት ጨርሶ ሥራ ሲፈታ ይባስ ይደክማል፤ ልክ ያለው ሸክም ነው የሚያጠነክረው አለኝ። የሰጠኝ ሥራ ቀላል ነው። ቆሞ ተረከዝን በዝግታ ማንሳትና በዝግታ ማውረድ።

ስለ ሕመም የሰጠኝን መመሪያ ደብተሩ ሽፋን ላይ ጻፍኩት። በሥራ ጊዜ ከ0 እስከ 10 በሚሄድ ነጥብ እስከ 3 የሚደርስ ሕመም ይፈቀዳል። ግን በማግስቱ ጠዋት ወደነበረበት መመለስ አለበት። ከሳምንት ሳምንትም መክበድ የለበትም። በማግስቱ ከባሰ የትናንቱ ሥራ በዝቷል ማለት ነው፤ ይቀነሳል። ማነከስ ከመጣ፣ አረማመድ ከተለወጠ፣ ያኔውኑ ይቆማል።

ይህ መመሪያ ለተቆጣ ጅማት ነው። አንድ ነጥብ ላይ ለሚያም አጥንት አይሠራም። በአጥንት ሕመም ላይ «እስከ 3 ይፈቀዳል» የሚባል ነገር የለም።

ለእኔ ትልቁ እፎይታ የማግስቱ ጠዋት ዳኛ መሆኑ ነው። ከዚህ በፊት በየእርምጃው «ይህ ጥሩ ነው? ይህ መጥፎ ነው?» እያልኩ እጨነቅ ነበር። አሁን እየሮጥኩ መልሱን ማወቅ አይጠበቅብኝም። ነገ ጠዋት የመጀመሪያዎቹ አሥር እርምጃዎች ይነግሩኛል።

ለጋሼ የቅዳሜውን ታሪክ ነገርኩት። ትንሽ ዝም ብሎ አብሮኝ ሮጠ።

«ለመሆኑ ስንት ልትሮጥ ነበር የወጣኸው?» አለኝ።

«አምስት።»

«ታዲያ አምስት ላይ ማን ነው አላቁም ያለህ?»

«ደህና ነበርኩ እኮ ጋሼ።»

«እኮ! ደህና እያለህ ነው የሚቆመው። ሲያቅትህማ ሳትፈልግም ትቆማለህ።»

ሳምንት 6

ጉንፋን። መጀመሪያ አፍንጫ ብቻ ነበር። ብዙ ሯጮች የሚያውቁት የአንገት መመሪያ አለ። ምልክቱ ከአንገት በላይ ከሆነ፣ ማለትም የአፍንጫ ፈሳሽ፣ ማስነጠስ፣ ቀለል ያለ የጉሮሮ ክርከራ፣ ረጋ ያለ እንቅስቃሴ ይቻላል። ከአንገት በታች ከወረደ፣ የደረት ሳል፣ ቁርጥማት፣ ወይም ትኩሳት ካለ፣ ሩጫ የለም። ሰኞ ሃያ ደቂቃ በእርምጃ ሄድኩ። ማክሰኞ ሌሊት ትኩሳት መጣ። ረቡዕ ጠዋት ምት 74።

እዚህ ላይ አልተከራከርኩም። «ተው።» አንዳንድ ቫይረሶች የልብ ጡንቻን ሊያስቆጡ ይችላሉ። በዚያ ሁኔታ ጠንክሮ መሥራት የልብ ምትን በአደገኛ ሁኔታ ሊያዛባ ይችላል። ለሦስት ቀን ሩጫ ብዬ የማስይዘው ነገር አይደለም።

እሑድ ትኩሳቱ ከጠፋ ሁለት ቀን ሆኖት ነበር። ምት 60። ፍላጎት 9፤ ቤት ውስጥ መቀመጥ ታክቶኛል። የተለመደውን ግማሽ፣ ሃያ ደቂቃ ብዬ ወጣሁ። ሠላሳ አምስት ሆነ። ሰኞ ምት 68፣ ቀኑን ሙሉ እንቅልፍ ናፈቀኝ። ፍርድ፦ ስህተት። እንደገና ፍላጎቱ ከፍ ያለበት ቀን።

ሳምንት 7

እስካሁን ስለ መተው ብዙ ጻፍኩ። መግፋትም መለማመድ ያለብኝ ነገር ነው፤ ባለፈው ዓመት ሁለተኛውን ሙከራ የገደለው እሱን መፍራቴ ነው።

ረቡዕ። ሁለት ደቂቃ ጠንከር ያለ ሩጫ፣ ሁለት ደቂቃ እርምጃ፣ አምስት ጊዜ። ድካም 7። ሦስተኛው ላይ ውስጤ «በቃኝ» አለ። ያኔ ራሴን ሦስት ነገር ጠየቅኩ። ትንፋሼ ስቆም ይመለሳል? አረማመዴ ልክ ነው? በጣት የምጠቁመው ሕመም አለ? መልሱ አዎ፣ አዎ፣ የለም ነበር። ስለዚህ ያለው ምቾት ማጣት ብቻ ነው። ሳንባ ያቃጥላል፣ ጭን ይከብዳል፣ ሐሳብ ያቅማማል። ይህ አይጎዳም። አራተኛውንም አምስተኛውንም ጨረስኩ። ፍርድ፦ ትክክል።

ዓርብ። ቀኑን ሙሉ ወረቀት ላይ አፍጥጬ ውዬ አመሻሹ ላይ ወጣሁ። በተለመደው ፍጥነት የልብ ምቱ ያው ነው። ድካሙ ግን ከ4 ወደ 6 ወጥቷል። ይህን የሚመስል ሙከራ በ2009 ተመራማሪዎቹ እነ ሳሙኤሌ ማርኮራ አሳትመዋል። ሰዎች 90 ደቂቃ አእምሮ የሚያደክም ሥራ ከሠሩ በኋላ ብስክሌት እስኪያቅታቸው እንዲነዱ ተደረገ። ስሜት የማይቀሰቅስ ዘጋቢ ፊልም ካዩበት ቀን ጋር ሲነጻጸር ቀድመው አቆሙ። ከ12 ደቂቃ ተኩል ወደ 10 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ገደማ ወረደ። ልባቸውና ጡንቻቸው ቀድመው አልደከሙም። ከመጀመሪያው አንስቶ ሥራው ከብዶ ተሰማቸው።

ስለዚህ እንደዚህ ባለ ቀን አልሰርዝም። ፍጥነቱን ለስሜቴ እተወዋለሁ። ሰዓቱን እጅጌ ውስጥ ደብቄ በድካም 4 ሮጥኩ። ዝግ አለ። ጭንቅላቴም ጠራልኝ።

ቅዳሜ። ሙቀት። ፍጥነቴን ሳልጨምር ምቱ ከ138 ወደ 151 ወጣ። ደም ሙቀት ለማስወጣት ወደ ቆዳ ሲሄድና ፈሳሽ በላብ ሲወጣ፣ ልብ በአንድ ምት የምትገፋው ደም ስለሚያንስ ቶሎ ቶሎ ትመታለች። ቀነስኩ። ሰውነት ሙቀትን ለመልመድ ከአሥር ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል።

ሳምንት 8

ደብተሩን እንደገና አሰመርኩት። ከአራቱ ዓምዶች ጎን አምስተኛ ጨመርኩ። ስሙን «ጣሪያ» አልኩት። ከመውጣቴ በፊት ከዚህ አላልፍም የምለውን ደቂቃና የድካም ነጥብ እጽፋለሁ። ጣሪያውን ማሳነስ መንገድ ላይም ይፈቀዳል። ከፍ ማድረግ የሚፈቀደው ቤት ተቀምጬ፣ ለሌላ ቀን ብቻ ነው።

ፍላጎት 9 ወይም 10 በሆነ ቀን ጣሪያውን በእስክሪብቶ ሁለቴ አሰምርበታለሁ። የፍላጎትን ዓምድ ያላጠፋሁት ለዚህ ነበር። ዝቅ ሲል ብዙ አይነግረኝም። ከፍ ሲል ግን ማስጠንቀቂያ ነው።

እስካሁን 27 ውሳኔ አለኝ። አምስቱ ስህተት ናቸው። ከአምስቱ አራቱ ፍላጎት 8ና ከዚያ በላይ የሆነባቸው ቀኖች ናቸው። አንዱ ብቻ መውጣት ሲገባኝ የቀረሁበት ነው።

ሳምንት 9

ማክሰኞ። ይህን ስጽፍ እጄ ገና አልረጋም።

ከጋሼ ጋር በቀላል ሩጫ 15 ደቂቃ ያህል ሄደን ነበር። ወሬው ተቋረጠ። ዞር ስል እጁን ደረቱ ላይ አድርጓል።

«ምነው ጋሼ?»

«ቆይ... ደረቴ አላማረኝም። እንደ መጫን ነው ያለኝ።»

ቆምን። ፊቱ ላይ ከሩጫው ጋር የማይመጣጠን ላብ ነበር። «ይለቀኛል፣ እስቲ በእርምጃ እንሂድ» አለኝ። እኔም ለአንድ ሰከንድ «እሺ» ልል ነበር። ትልቅ ሰው ነው፤ ከእኔ የበለጠ ያውቃል ብዬ። ከዚያ «አይሆንም ጋሼ፣ አንሄድም፤ ተቀመጥ» አልኩት። ስልክ ደወልኩ። መኪና መጣ፤ ቀጥታ ወደ ሐኪም ሄድን።

የልቡ ደም ሥር ጠቧል ተባለ። በጊዜ ስለደረሰ ሕክምና ጀምሯል። ማታ ስደውልለት ድምፁ ደህና ነበር።

የደብተሩን የውስጥ ሽፋን ገልጬ ነጥብ የማይሰጣቸውን ነገሮች ጻፍኩ። የደረት መጫን ወይም ሕመም፣ በተለይ ወደ ክንድ፣ አንገት ወይም መንጋጋ የሚሄድ። ራስ መሳት ወይም ልስት ነው ማለት። የልብ ምት ድንገት መዛባት። ከሥራው ጋር የማይመጣጠን የትንፋሽ ማጠር። በሙቀት ውስጥ ግራ መጋባት። አንድ ባት ብቻ አብጦ መቅላትና ማመም። ከከባድ ልምምድ በኋላ ሽንት ጠቁሮ መምጣት፤ ይህ የተጎዳ ጡንቻ ይዘት ወደ ደም ገብቶ ኩላሊትን እያስቸገረ ሊሆን ይችላል። በእነዚህ ላይ አሥር ደቂቃ መሞከር የለም። የማግስቱን ፍርድ መጠበቅም የለም። ሩጫው ያበቃል፤ ሐኪም ይታያል።

ሐሙስና ቅዳሜ ብቻዬን ሮጥኩ። ሁለቱም «ቀንስ»፣ ሁለቱም ትክክል።

ሳምንት 10

እሑድ። ምት 57፣ እንቅልፍ 7 ሰዓት ተኩል፣ እግር 8፣ የጅማት ሕመም 1፣ ፍላጎት 9። «ግፋ።» ጣሪያ፦ 10 ኪሎ ሜትር፣ እስከ 8ኛው ድካም ከ5 አይለፍ። ሁለት መስመር አሰመርኩበት።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ኪሎ ሜትሮች ላይ እግሬ መሄድ ፈለገ። ያዝኩት። ብቻዬን ስለሆንኩ ወሬ የለም፤ ጮክ ብዬ እስከ ሃያ እየቆጠርኩ ትንፋሼን ፈተንኩ። አምስተኛው ላይ ጅማቱ ትንሽ ታወቀኝ። 2። ስድስተኛው ላይ አልጨመረም።

ሰባት ተኩል ላይ ከበደኝ። ዳገት አለ። «በቃኝ» መጣ። ሦስቱን ጥያቄዎች ጠየቅኩ። ትንፋሼ ከባድ ነው ግን አይቆራረጥም። አረማመዴን ለማወቅ ጆሮዬን ወደ ኮቴዬ አደረግኩ፤ የቀኙና የግራው ድምፅ እኩል ነው። በጣት የምጠቁመው የለም። ታዲያ ይህ የሰባተኛው ሳምንት ረቡዕ ምቾት ማጣት ነው፤ አውቀዋለሁ። ጭንቅላቴን ቀና፣ እርምጃዬን አጠር አድርጌ ወጣሁት። ዘጠነኛው ላይ ድካም 7። አሥር ኪሎ ሜትር በ81 ደቂቃ።

አሥር ላይ ስደርስ ገና ጉልበት ነበረኝ። ቆምኩ።

ሰኞ ጠዋት። አሥሩ እርምጃዎች ጅማቱ ላይ 1፣ እንደ ትናንቱ። ምት 61። ፍርድ፦ ትክክል።

ለጋሼ ደውዬ ነገርኩት። ከእኔ በላይ ደስ አለው። ሐኪሙ በሜዳ ላይ ቀስ ብሎ መራመድ ፈቅዶለታል። ለእሱም ደብተር አሰመርኩለት፤ ጣሪያውን የሞላው ራሱ ነው።

ሐሙስ፣ ሳምንት 11። ምት 58። ፍላጎት 9። «ቀንስ።» ጣሪያ፦ 20 ደቂቃ እርምጃ፣ ከጋሼ ጋር፣ እያወራን።